«ሞተሩ ይውረድ»

የፈረሰኞቹ ቀን ጥር 23 ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ እየነዳሁ አንድ ፈረሰኛ ቀደመኝ። ቀልድ አይደለም። አዲስ ቅዳምን አልፌ ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ ነበር። ሰውየው ነጭ ለብሷል፤ ፈረሱ በቀይና በቢጫ ጥልፍ አጊጧል። በመንገዱ ዳር በሶምሶማ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየኝ፣ ፈገግ አለና ሄደ። ከኋላዬ እስከ አናቱ ከሰል የጫነ አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋብኛል። ከጎኔ የተቀመጠችው እናቴ የሐኪም ቀጠሮዋ ሰዓት እያለፈባት ነው። «ወርደን ብንገፋው አይሻልም?» አለች።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ጃፓን የተሠራች፣ እኛ ሀገር ዲኤክስ የምንላት ቶዮታ ኮሮላ። አራት ሲሊንደር፣ 1,290 ሲሲ፣ ነዳጇ በካርቡራተር። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሲያማትም የቢጫ መብራት አብርታ አትነግርም። እኛ እየገመትን ነው የምናክማት።

«ለምን አዲስ አትገዛም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ስለ ታክስና ስለ ነዳጅ ፖሊሲ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። በአጭሩ ግን በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን በግብር አንቆ ያዘው፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ጭራሽ እንዳይገቡ ከለከለ። ፖሊሲው ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የደረሰው ውጤት ግን አንድ ነው፤ ያለችህን አሮጌ መኪና ይዘህ ትኖራለህ፤ አንዳችሁ እስክትሞቱ። እናም የአርባ ዓመት ሞተር ለምን ደከመ የሚለው ጥያቄ የመኪና አፍቃሪዎች ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የብዙ ቤት የገንዘብ ጥያቄ ሆኗል።

ሕመሟ ይህ ነው። ከቆመችበት ስትነሳና ዳገት ስትጀምር ጉልበት የላትም። ቤንዚን ስሰጣት ለአፍታ ጭራሽ ትሞታለች፣ ከዚያ እያንገራገረች ትነሳለች። ሞተሩ አንዴ ከጮኸ በኋላ ግን ደህና ናት፤ ሜዳ ላይ በአራተኛ ማርሽ 80 ትሄዳለች። ሌላው ቀርቶ ሰው «የታለ ሕመሙ?» ሊለኝ ይችላል።

ለዚህ ሕመም በስምንት ወር ውስጥ ካንዴላ ቀየርኩ፣ የነዳጅ ፖምፓ ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩ ሁለት ጊዜ ተፈቶ ታጠበ። ፍሪሲዮን ሳይቀር ተቀየረ። ፍሪሲዮኑ እስካሁን ያናድደኛል። ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይከተልም። የእኔዋ ሞተሩም አይጮህ፣ እሷም አትሄድ። ይህን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፣ ጆሮ ይበቃል። ጆሮ ነበረኝ። ግን ዝም ብዬ ከፈልኩ።

የነዳጅ ፖምፓውም እንዲሁ ነው። ፖምፓ ሲደክም፣ የነዳጅ ማጣሪያ ሲደፈን፣ ማርሚታ ሲታፈን ጉልበት የሚጠፋው ሞተሩ ብዙ ሲጠይቅ ነው፤ በፍጥነት ላይ፣ ሞተሩ ሲጮህ። ዝቅተኛ ዙር ላይ ብቻ የሚጠፋ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው የሚፈለገው። አየር በስርቆት የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ ወይም እሳቱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ወይም ቫልቭና ፋሻ ያፈስሳሉ፣ ወይም ካርቡራተሩ እግር ሲረገጥ ያችን የመጀመሪያ ጉንጭ ቤንዚን አይሰጥም። ይህን ዛሬ እንደ ዐዋቂ እጽፋለሁ እንጂ ያኔ የማውቀው ከነዚህ አንዱን እንኳ አልነበረም።

በመጨረሻ ባሕር ዳር ጥሩ ስም ያለው አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መለኪያ አወጡ። ደስ አለኝ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም በመለኪያ ነክቷት አያውቅም። አራቱን ሲሊንደሮች ለኩና ቁጥሩን በካርቶን ላይ ጻፉልኝ፦ ሰባት፣ ሰባት ተኩል፣ ስድስት ተኩል፣ ሰባት። ዋናው መካኒክ ካርቶኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ኮምፕሬሽን የላትም። ፋሻው አልቋል። ሞተሩ ይውረድ።» ፋሻ፣ ብሮንዚና፣ ጓርኒሲዮን፣ የእጅ ዋጋ፤ ተደምሮ ሰባ ሺህ ብር።

«ይውረድ» የሚለውን ቃል እኔ ከሌላ ቦታ ነው የለመድኩት። በሥራዬ ምክንያት ብዙ «ይውረድ» ሰምቻለሁ፤ ለጥቂቶቹም አጨብጭቤያለሁ። የወረደው ከወረደ በኋላ ችግሩ ያ እንዳልነበር የታወቀበትን ጊዜም አስታውሳለሁ። ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ አልታየኝም። ሰባ ሺህ ብር ብቻ ነው የታየኝ። በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለው ሰው እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ አይቶ አያውቅም። አባቴ «በሬው ይሸጥና ይሠራ» ብሎ ነበር። በሬው እንዳይሸጥ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴን ይዤ ያን ዳገት የወጣሁትም በዚያው ሞተር ነው።

እንጅባራ ስንደርስ እናቴን ሐኪም ቤት አስገብቼ፣ አንድ ጎሚስታ ጋ ጎማ ሳስነፋ ነው ስለ ሽማግሌው የሰማሁት። ከመናኸሪያው ራቅ ብሎ፣ ምልክት በሌለው የቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እሳቸውም ቢሰሙ አይወዱም።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ይውረድ ተብያለሁ» አልኳቸው።

«ማን አለ?»

«ባሕር ዳር ለክተው ነው።»

«መለካቱስ ጥሩ ነው» አሉና ኮፈኑን ሳይከፍቱ በሩን ተደግፈው ይጠይቁኝ ጀመር። መቼ ጀመራት? ቀስ በቀስ ነው በአንድ ጊዜ? ጠዋት ስትቀዘቅዝ ይብሳል ወይስ ከሞቀች በኋላ? ከዚያ በፊት ማን ነክቷት ነበር? ምን ለማድረግ? ቤንዚን ከየት ነው የምትቀዳው? ዳገት ላይ ታንኳኳ ነበር? በመጨረሻም «ፍሬኑስ?» አሉኝ።

ፍሬኑ ጠጥሮብኝ ከርሟል። ለማቆም የእግሬን ሙሉ ጉልበት ይጠይቀኝ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። እኔ የመጣሁት ለጉልበት ነዋ፣ ፍሬን ሌላ ጊዜ የሚታይ መስሎኝ። ይህን ስነግራቸው «እህ» ብለው ከረዳታቸው ጋር በአዊኛ ሁለት ቃል ተለዋወጡና ሥራ ጀመሩ።

መጀመሪያ መኪናዋን ሜዳው ላይ በእጅ ገፏት። በቀላሉ ሄደች፤ እንግዲያው የያዘ ፍሬን የለም። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። ፒንሳ አነሱና ሞተሩ ላይ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ፣ እንደ እናት ጉንጭ እንደምትቆነጥጥ ቀስ አድርገው ቆነጠጡ። አንዱን፣ ምንም። ሁለተኛውን፣ ምንም። ወደ ፍሬን ሰርቮው የሚሄደውን ወፍራሙን ሲቆነጥጡ ሞተሩ ቀጥ አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ረጋ። ሲለቁት እንደገና ተንቀጠቀጠ። ቱቦውን ፈትተው አሳዩኝ፤ ሰርቮው ጋ፣ ማሰሪያው ሥር፣ ከላይ የማይታይ ስንጥቅ። ፍሬኑን ያጠጠረውም ጉልበቷን የበላውም ያ ስንጥቅ ነበር። ሁለት ሕመም መስሎኝ አንዱን ደብቄ ይዤ ስዞር ከርሜያለሁ።

ስንጥቁ ለምን ዝቅተኛ ዙር ላይ ብቻ እንደሚጎዳ ሲያስረዱኝ በጣም ቀላል ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚስበው አየር ትንሽ ነው፤ በስንጥቁ የሚገባው ደግሞ ከዚያ ትንሽ ላይ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ቤንዚኑ ይሳሳል፣ እሳቱ አይይዝም። ሞተሩ ሲጮህ የሚስበው አየር ይበዛና ያችው ስንጥቅ ከቁጥር አትገባም። ከአንድ ብርጭቆ ወተት ላይ አንድ ማንኪያ ውኃ ይታወቃል፤ ከእንስራው ላይ አይታወቅም።

ከዚያ ኮምፕሬሽኑን ራሳቸው ለኩ። ባሕር ዳር ከተለካበት ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሞቆ ነበር፤ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ ነበር፤ ባትሪው ጥሩ ነበር፤ ረዳቱም ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ ይዞ ነበር። ባሕር ዳር ሲለኩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ መኪናዋ አድራ ቀዝቅዛ፣ ማንም ፔዳሉን አልረገጠም። ያ ካልተረገጠ የካርቡራተሩ በር ዝግ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ከየት ያምጣ? ሽማግሌው ያገኙት ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ነው።

«ይህም ቢሆን ዝቅተኛ አይደለም?» አልኩ። ስልኬ ላይ ከሆነ ቦታ ያገኘሁት ቁጥር ከዚህ በላይ ነበር።

«መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ነው ልጄ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ያጻፈኝ ይህ ነገር ነው። ሞተር ዋና ምግቡ አየር ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለማቃጠል ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደብ ላይ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 12 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ገደማ ቢያነብ ምንም አልጎደለበትም። ከጉልበቷም ሩቡን ያህል ዳገቱ ራሱ ወስዶታል፤ ማንም ሊመልሰው አይችልም። መታየት ያለበት አራቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ዝቅ ያለው ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ለኩት፤ ቁጥሩ አልተነሳም። ፋሻ ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ለጊዜው ደፍኖት ይነሳ ነበር። እንግዲያው ከቫልቭ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ አንድ ቀን ቴስታው ተከፍቶ የሚታይ። ፋሻው ደህና ነው። ሰባ ሺህ ብር የተጠየቅኩት ለፋሻ ነበር።

የቫኪዩም መለኪያቸውም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 22 ኢንች ያነብባል ይላል። የእንጅባራ አየር ግን ራሱ ከወደቡ 8 ኢንች ያህል ያነሰ ስለሆነ እዚህ ጤነኛው ከ10 እስከ 14 ነው። የእኔዋ ቱቦው ሳይቀየር 7 ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ 12 ላይ ቆመች። መጽሐፉን ብቻ የያዘ ሰው ይህችን የዳነች መኪና አይቶ እንደገና «ሞተሩ ይውረድ» ይላል።

ቱቦው ተቀይሮ መኪናዋ ግማሽ ዳነች። ሌላው ግማሽ እሳቱ ነበር። የታይሚንግ መብራቱን አያይዘው ፑሊው ላይ ቢያበሩ ምልክቱ ሊሆን ከሚገባው ቦታ የለም። ካንዴላው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 8 ዲግሪ ያህል ቀድሞ መለኮስ ሲገባው፣ ጫፍ ደርሶ መመለስ ከጀመረ በኋላ ነው የሚለኩሰው። ከፍ ባለ ዙር ላይ ውስጥ ያሉት ክብደቶች በራሳቸው እሳቱን ስለሚያስቀድሙት ጉድለቱ ይሸፈናል። በዝቅተኛ ዙር የሚያስቀድመው የለም፤ ያለው መነሻው ብቻ ነው። የፑንቲናው ክፍተትም 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው አልቆ ጠብቧል፤ እሱ ሲጠብ እሳቱ ይበልጥ ይዘገያል። ዋናው ግን ዲስትሪቢዩተሩን አንድ ሰው በእጁ ወደ ኋላ አዙሮት ነው።

«ማን ነካው?» አሉኝ።

ያኔ ትዝ አለኝ። በ2016 ዓ.ም ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ማደያው ደረቅ ሲሆን፣ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የምንገዛበት ጊዜ። እኔም ገዝቻለሁ፤ አባቴም ገዝቷል። እንዲህ ያለ ቤንዚን ውስጥ ነጭ ጋዝ ሲገባበት ሞተሩ ዳገት ላይ ጠጠር የዋጠ ይመስል ያንኳኳል፤ ቤንዚኑ እሳቱ ሳይደርሰው በራሱ ይፈነዳልና። አንኳኳች። አባቴ ለአንድ ልጅ አሳያት። ልጁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በካቻቢቴና በቁልፍ አንድ ነገር አላልቶ፣ አዙሮ፣ አጠበቀ፤ ማንኳኳቱ ቆመ። ሁላችንም ተደነቅን። ልጁ ያደረገው ስሕተት አልነበረም። ለዚያ ቤንዚን ትክክለኛው መድኃኒት እሳቱን ማዘግየት ነው። ብቻ ቤንዚኑ ሲስተካከል መልሶ የሚያስተካክለው ሰው አልነበረም። የተጻፈም የለም። የጠርሙሱ ቤንዚን ካለቀ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት መኪናዋ አሁንም ለእሱ ተዘጋጅታ ትሄድ ነበር።

ሽማግሌው ፑንቲናውን አስተካክለው እሳቱን ከመጽሐፉ ሁለት ዲግሪ አስቀደሙት፤ የሳሳ አየር ቀስ ብሎ ስለሚነድ እዚህ ከፍታ ላይ ይችለዋል አሉ። ዲስትሪቢዩተሩ ሥር በነጭ ቀለም ሰረዝ አሰመሩ። «ካንኳኳች ወደ እኔ አምጣት። አንተ እንዳትነካት።»

ሒሳቡ ስድስት መቶ ብር ነበር፤ ከቱቦው ዋጋ ጋር።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ስድስት መቶ ሲሉኝ የመጀመሪያ ሐሳቤ «ለአንዲት ቁራጭ ጎማ?» የሚል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው። ለፍሪሲዮኑ አራት እጥፍ ሳላጉረመርም ከፍያለሁ፤ ምክንያቱም የወጣውን አሮጌ ዲስክ በእጄ አስይዘውኛል። ለሰባ ሺሁም በሬ ሊሸጥ ነበር። የሁለት ሰዓት ጥያቄና መቆንጠጥ ግን ዕቃ አይደለም፤ ይዤው አልሄድም። እኛ ጋ ማንም ለማግኘት አይከፍልም። የምንከፍለው ለመፍታት፣ ለመቀየር፣ ለማውረድ ነው። ታዲያ መካኒኩ ቱቦ ፈልጎ ሁለት መቶ ብር ከሚያገኝ ሞተር አውርዶ ሃያ ሺህ ቢያገኝ በምን እፈርድበታለሁ? ሌባ አይደለም። ባሕር ዳር የለኩልኝ ልጆች ያዩትን ነው የነገሩኝ፤ የተማሩትም መክፈት ነው፣ የሚያበላቸውም መክፈት ነው። ደንበኛው ሲመጣ የሚጠይቀው «ምኑ ተቀየረ?» ብሎ ነው እንጂ «ምን አገኛችሁ?» ብሎ አይደለም።

በእኔ ሙያም እንዲሁ መሆኑን መደበቅ አልችልም። የምከፈለው በታተመ ጽሑፍ ነው። ሦስት ቀን ሰው አነጋግሬ «ወሬው ውሸት ነው» የሚል ውጤት ባገኝ የሚከፍለኝ የለም፤ ያልጻፍኩት ጽሑፍ አይሸጥም። አንድ ነገር ከፍቼ፣ አውርጄ፣ በትኜ ካሳየሁ ግን ይሸጣል። የእኔንም ጽሑፎች አሁን መለስ ብዬ ሳይ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ፔዳሉ ሳይረገጥ የለካኋቸው ጥቂቶች አሉ።

ስድስት መቶውን ከፈልኩ። አንድ መቶ ጨመርኩ፤ ሽማግሌው መቶውን ለረዳታቸው ሰጡት።

ለአባቴ ደወልኩ። «ተሠራች» አልኩት።

«ሞተሩ ወረደ?»

«አልወረደም። ቱቦ ነው። እሳቱም ዘግይቶ ነበር።»

ዝም አለ። «ምኑ ተቀየረ?»

«ቱቦው።»

«እሱ ብቻ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታም ጥርጣሬም ነበረበት። በሬው ስለቀረለት ደስ ብሎታል፤ በስድስት መቶ ብር የዳነች መኪና ላይ እምነት መጣል ግን ከበደው። ማታ ቤት ስንደርስ ኮፈኑን ከፍቶ ነጩን ሰረዝ በባትሪ መብራት አየው። ከዚያ የድሮ ደብተር አምጥቶ ቀኑን፣ ዲግሪውን፣ አራቱን ቁጥሮች አጻፈኝ። ሦስተኛው ሲሊንደር ስምንት። እሱን ሁለቴ አሰመረበት።

ያን ቀን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የተመለስነው ቁልቁል ስለሆነ ስለ ጉልበቷ ምንም አልተማርንም። በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ እንደገና ወጣን። ማደያ ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ነው የቀዳሁት። አዲስ ቅዳምን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር በሦስተኛ ማርሽ ገባሁበት፣ ረገጥኩ፣ ያ መሞቷ አልመጣም። አላንኳኳችም። ፈጣን አልነበረችም፤ አንድ አይሱዙ ቀደመኝ፣ እኔም አንድ ባጃጅ ቀደምኩ። ፈረሰኛ አልነበረም። ለእናቴ ላሳያት ዞር ብል ተኝታለች።